የጆ ሃሪዮት «ፍሪ ፎርም» ላይ እግሬ ምት አጣ፤ ከየት ልግባበት?

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል። ታገሱኝ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን ነው። ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ካርቶን አነሳለሁ፣ ካርቶን አስቀምጣለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ስለዚህ «ሙዚቃ አይገባህም» የሚለኝ ሰው ካለ እንቀያየማለን። ባቲና አንቺሆዬ አይምታቱብኝም። የሙላቱን ሥራዎችም አብዛኞቹን ጣቴ ያውቃቸዋል።

ነገሩ የጀመረውም በሙላቱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሬክሰም ከተማ አጠገብ ሊንድስፋርን ኮሌጅ ገባ፤ እዚያ ሙዚቃው አሸነፈው። ከዚያ ለንደን መጥቶ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ። ለንደን እያለ ፍራንክ ሆልደር ከሚባል ሰው ጋር አብሮ ሠርቷል። እኔም «ይሄ ሆልደር ደግሞ ማነው?» ብዬ ፍለጋ ገባሁ። ያኔ ብሪቲሽ ጋያና ከምትባለው አገር የመጣ ዘፋኝ ነው፤ ቦንጎም ይመታል። ስሙን ስከተል ስከተል አንድ አልበም ላይ አገኘሁት። ጆ ሃሪዮት የሚባል የጃዝ ሳክስ ተጫዋች ከአምስት ሰው ቡድኑ (ኩዊንቴቱ) ጋር የሠራው «አብስትራክት»። በከፊሉ ላይ ቦንጎ የመታው ሆልደር ነው።

እሱን እሰማለሁ ብዬ ያገለገለ ሲዲ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ አዘዝኩ። 11 ፓውንድ ከፈልኩ። ፖስታውን ስቀድ ሌላ አልበም! «ፍሪ ፎርም» ይላል። ቦንጎ የለ፣ ሆልደር የለ። ለሻጩ ጻፍኩለት። «ሦስተኛው ላይ አብስትራክት የሚል አለ አይደል እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ባየው እውነትም አለ። ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

ከከፈልኩ አይቀር ብዬ ወደ ስልኬ ገልብጬ በእረፍት ሰዓት ሰማሁት። የመጀመሪያው «ፎርሜሽን» ይባላል። ሳክሱና ትራምፔቱ አንድ ላይ ገቡ። ደስ አለኝ፤ እግሬም መምታት ጀመረ። ከዚያ ምቱ ከሥሬ ሸሸ። በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ ደረጃ የቀረው መስሎት ባዶ የረገጠ ሰው ታውቃላችሁ? ልክ እንደሱ። ትንሽ ቆይቶ ምቱ ተመለሰ፤ ላምነው ስል እንደገና ሄደ። ስምንቱንም እንዲህ ሆኜ ጨረስኳቸው። ሦስት ሌሊት ሞከርኩ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ያ ይሰማኛል። የሚተራመሱትም አውቀው ነው። ግን ምን ይዘው ነው የሚሄዱት? እኔስ የቱን ይዤ ልከተላቸው?


ቡና በጨው፦

ወንድሜ፣ እኔም አንድ ቀን ቤት ውስጥ ከፍቼው ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ሁለት ራዲዮ ነው እንዴ የከፈትከው?» አለችኝና አጠፋችው። እኔም አልተቃወምኩም።

ደግሞ ይሄ ሃሪዮት የሚሉት እንግሊዛዊ፣ አሜሪካዊውን ሳክስ ተጫዋች ኦርኔት ኮልማንን የቀዳ አይደለም ወይ? አሜሪካኖቹ ሲሠሩት ያምራል። እንግሊዞቹ ሻይ እየጠጡ የሚሠሩት ይመስለኛል።


አራት ክር፦

ልጄ የሌሊት ፈረቃ፣ ስለ 11 ፓውንዱ አትዘን። እኔ ብሆን ያንን ሻጭ ቡና እጋብዘው ነበር። «ፍሪ ፎርም» ይቀድማል፤ «አብስትራክት» ይከተላል። በቅደም ተከተል ገብተሃል።

አሁን ስህተትህን ልንገርህ። የምትሰማው ከላይ ነው። ኪቦርድ የነካ ሰው ሁሉ ዜማ ያሳድዳል። ዜማው ሲሰወርበት ቤቱ የፈረሰ ይመስለዋል። እኔ ባስ ተጫዋች ነበርኩ። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ እስኪነጋ እንጫወት ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘፋኙ ግጥም ይረሳል። ከበሮ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚመታው። ጨፋሪው የቆመው በወንበር ድጋፍ ነው። ያኔ ቤቱን የሚይዘው ባስ ነው። ባስ ከቆመ ሁሉም ሰው ድካሙ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ እኔ ማንኛውንም ሙዚቃ የምሰማው ከታች ወደ ላይ ነው።

በዚህ አልበም ላይ ከታች የቆመው ኮለሪጅ ጉድ ይባላል። ስለሱ ትንሽ ልበል፤ ባስ ተጫዋች ማንም አይጽፍለትም።

በ1914 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ተወለደ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቱ የመዘምራን መሪ ነበሩ። የልጃቸውን ስም ያወጡት በጥቁሩ እንግሊዛዊ አቀናባሪ በሳሙኤል ኮለሪጅ ቴይለር ነው። ልጁ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። በ1934 ወደ ስኮትላንድ ሄደ፤ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ። እዚያ ጃዝ ያዘው። ቫዮሊኑን አስቀምጦ ቁመቱን የሚያክል ባስ አነሳ። ልክ እንደ ሙላቱ በል። ምህንድስና ስንቱን ሙዚቀኛ እንዳሳደገ!

በ1946 ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርትና ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ላይ ተገናኝተው ሲቀዱ ባሱን የያዘው እሱ ነበር። የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር በስዊንግ የተጫወቱበት ቅጂ አለ። ፈልገህ ስማው። ሌላም ልማድ ነበረው። ባሱን በቀስት ሲገዘግዝ አብሮ በድምፁ ያንጎራጉራል። እኛ አገር ማሲንቆ የሚገዘግዝ ሰው ይሄ አይደንቀውም።

ወደ ሃሪዮት ስመለስ። ሰውዬው እንግሊዛዊ አይደለም፣ ቡና በጨው። እሱም የኪንግስተን ልጅ ነው። በ1928 ተወለደ፤ ያደገው መነኮሳት በሚያስተዳድሩት በአልፋ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት ለጃማይካ ያፈራው ሙዚቀኛ ብዛት ለአንድ አገር ይበቃል። በ1951 ወደ እንግሊዝ መጣ። መጀመሪያ እንደማንኛውም የዘመኑ አልቶ ሳክስ ተጫዋች የአሜሪካዊውን የቻርሊ ፓርከርን ፈለግ ይከተል ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ። በኋላ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ተኝቶ ሲያስብ ይሄ ሐሳብ መጣለት።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ የጥያቄህም መልስ እዚህ ላይ ነው። ጃዝ የሚቆምባቸው ምሰሶዎች አሉ። የማይለወጥ ምት አለ። ዜማ አለ። ቀድሞ የታወቀ የኮርድ ጉዞ አለ። ጨዋታውን በእኩል የሚከፋፍል የባር ልክ አለ። ሃሪዮት ያለው፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ከነዚህ ቢያንስ አንዱን እናቆያለን፤ ጨዋታው ከጠየቀ ግን ሌሎቹን በሙሉ ልንጥል እንችላለን ነው። ሁሉንም አፍርሰን እንጩህ አላለም። ከምሰሶዎቹ አንዱ ይቆማል። የቱ እንደቆመ ማግኘት ያንተ ሥራ ነው።

እና ነገ ሌሊት እንዲህ አድርግ። ከመጀመሪያው አትጀምር። ሰባተኛውን አውጣ፤ «ካሊፕሶ ስኬችስ»ን። ከአምስቱ ሦስቱ የካሪቢያን ልጆች ናቸው። ያደጉበት ጭፈራ ስለሆነ እዚያ ላይ ፊታቸው ይፈታል፤ በሩም ሰፊ ነው። ሳክሱን ተወው። ትራምፔቱንም ተወው። ባሱን ብቻ ያዝ፤ መንገድ ላይ የእናቱን ነጠላ እንደያዘ ልጅ። ሲራመድ አብረህ ተራመድ። ሲቆም ቁም። እግርህን አትምታ፤ እሱ ለሠርግ ነው። ከዚያ ወደ «ፎርሜሽን» ተመለስና ያንኑ አድርግ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ሲቀዳ ጉድ 46 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቡድኑ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው። ሐሳቡ ሲመጣ ትራምፔት ተጫዋቹ ሃንክ ሾውና ፒያኒስቱ ሃሪ ሳውዝ ቡድኑን ትተው ሄደዋል። ሁለቱም ከጉድ በዕድሜ ያንሳሉ። ሽማግሌው ቆየ። በ2015 ሲሞት 100 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜው ዘጠናን ካለፈ በኋላም ሰሜን ለንደን መጠጥ ቤት ውስጥ ባሱን ይዞ ይቆም ነበር። እኔ በ65 ወገቤን አሞኝ ነው የተውኩት። አፍራለሁ።


ሸክላ ሰብሳቢ፦

ጋሼ አራት ክር ከጻፉ በኋላ ብዙ የሚጨመር የለም። የቡና በጨውን ነገር ብቻ ላርም፤ ይሄ «ቀዳ» የሚባለው ወሬ ስለሚያበግነኝ ነው።

«ፍሪ ፎርም» የተቀዳው በኅዳር 1960 ለንደን፣ ሆላንድ ፓርክ በሚገኘው ላንስዳውን ስቱዲዮ ነው። አዘጋጁ የስቱዲዮው ባለቤት ዴኒስ ፕሬስተን ነው። የኦርኔት «ፍሪ ጃዝ» አልበም የተቀዳው በታኅሣሥ 21 ቀን 1960 ኒው ዮርክ ነው። አንድ ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ያልተቀዳ ነገር ከየት ይቀዳል?

በሌላ በኩል ሃሪዮትን «የመጀመሪያው» ለማለት የሚቸኩሉም አሉ። እነሱም ልክ አይደሉም። ኦርኔት በ1959 ያወጣቸው አልበሞች አሉ፤ መንገዱን ቀድሞ ጀምሯል። የሚያስገርመው ሁለቱ ሰዎች በሁለት አገር ተነስተው የደረሱበት ቦታ አለመመሳሰሉ ነው። «ፍሪ ጃዝ» ላይ ሁለት ባለ አራት ሰው ቡድኖች (ኳርቴቶች) ፊት ለፊት ቆመው 37 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ይጫወታሉ። ፒያኖ የለም። ሃሪዮት ስምንት አጫጭር ቁራጮች ነው የሠራው። ፒያኖውንም አላባረረም።

ስለ ፒያኖው ካነሳሁ፣ ፓት ስማይዝ ሕግ የተማረ ስኮትላንዳዊ ነው። ፒያኖ እንዲህ ባለ ሙዚቃ ውስጥ አደገኛ መሣሪያ ነው። ኮርድ ባስቀመጠ ቁጥር አጥር ያጥራል፤ ነፋሾቹ ከአጥሩ አይወጡም። ስማይዝ ይሄን ያውቃል። ጠብ የሚያደርገው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። አንዳንዴ የት ገባ ብለህ ትፈልገዋለህ። የሌሊት ፈረቃ፣ አንተ የኪቦርድ ሰው ስለሆንክ ከባሱ ቀጥሎ እሱን ስማልኝ።

ትራምፔቱና ትራምፔት የሚመስለው ፍሉገልሆርን ደግሞ የሼክ ኪን ናቸው። የሴንት ቪንሰንት ልጅ ነው። «ሼክ» ያሉት ሥነ ጽሑፍ ስለሚወድ ከሼክስፒር ቆርጠው ነው። ቅጽል ስም ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው እውነተኛ ገጣሚ ነው። በ1979 የኩባውን የካሳ ዴ ላስ አሜሪካስ የግጥም ሽልማት አግኝቷል። አነፋፉም የገጣሚ ነው፤ አጭር ይልና ያቆማል። ሃሪዮት ሲያቃጥል እሱ ያበርዳል። ሁለቱ አብረው ሲነፉ ያለውን ነገር እኔ በቃል አልችለውም።

በአሜሪካ አልበሙ በ1961 በጃዝላንድ ማተሚያ ወጣ። ቀጣዩን «አብስትራክት»ን ደግሞ የአሜሪካው «ዳውን ቢት» መጽሔት አምስት ኮከብ ሰጠው። ሐያሲው ሃርቪ ፒካር ነበር፤ በኋላ በኮሚክ መጻሕፍቱ የታወቀው ያው ሰው። አምስት የመጨረሻው ነው። ያኔ ለእንግሊዝ አልበም እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ለሃሪዮት ኪስ ግን አምስቱም ኮከብ ጠብ አላለለትም።

የ«ፍሪ ፎርም» ኦሪጅናል ሸክላ እኔ ጋ የለም። ስሜን አይታችሁ አትሳሳቱ። ዋጋው አይቀመስም።


ይፋት፦

ይቅርታ ገብቼ ነው፤ ቤተሰብ ነኝ ብዬ ነው። እናንተ ሰዎች ጃማይካና ለንደን ከምትንከራተቱ ጌታቸው መኩሪያን ለምን አትጠቅሱም? እኛ አገር ሽለላን በሳክስ ሲነፋ የነበረው ገና በ1950ዎቹ ነው። ምት የለ፣ ባር የለ፤ ጀግና ሲፎክር እንደሚንቀጠቀጠው ድምፅ። እኔ ሃሪዮትን ስሰማ የሚመጣብኝ ጌታቸው ነው። ከለንደንም ከኒው ዮርክም በፊት እኛ ነን የጀመርነው!


አራት ክር፦

ይፋት፣ የጌታቸው ነገር እኔንም ያስለቅሰኛል። ግን አታደባልቀው። ጌታቸው የወሰደው በአፍ የነበረውን ሽለላ ነው፤ ወደ ሳክስ አመጣው። የነበረ ነገር ላይ ነው የቆመው። ከነዚህኞቹ ጋር አልተዋወቀም፤ እነሱም እሱን አላወቁም። ሃሪዮት ደግሞ የያዘውን ነገር ነው አውቆ የጣለው። ፓርከርን ተምሮ፣ ፓርከርን ችሎ፣ ከዚያ ተወው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት አንተ ጆሮ ውስጥ ነው። ይሄም መልካም ነው፤ ግን «እኛ ጀመርነው» አያሰኝም። ሁሉን ነገር እኛ ካልጀመርነው እንቅልፍ አይወስደንም ማለት ነው?


ይፋት፦

እሺ ጋሼ። «ጀመርነው»ን አንስቻለሁ። የተቀረውን አላነሳም።


የሌሊት ፈረቃ፦

ጋሼ አራት ክር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ሌሊት ያሉኝን አደረግሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ እረፍት ወጣን። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ፖላንዳውያንና አንድ የጋና ልጅ ነበሩ። ጥግ ይዤ «ካሊፕሶ ስኬችስ»ን ከፈትኩ። ሳክሱን መተው ቀላል አይደለም፤ እንደ ሕፃን ልብስ ይጎትታል። ግን ባሱ ላይ ተጣበቅሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ገረመኝ። ባሱ እኔ «ተተራመሰ» ያልኩት ቦታ ላይ አልተተራመሰም። ያውቃል። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የቀየረው አረማመዱን ነው። ሲቆም ደግሞ መቆሙን ሰማሁት። ከዚያ በፊት ዝምታውን ባዶ ቦታ አድርጌ ነበር የማልፈው።

ቀጥሎ «ፎርሜሽን»ን ከፈትኩ። ያ ባዶ ደረጃ ያልኩት ቦታ ደረሰ። እግሬን አልመታሁም። ባሱን ይዤ ወረድኩ። እና አልወደቅሁም! ቃል አጣሁለት እንጂ ደስ የሚል ነገር ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል አዝማሪው የተሰጠውን ተቀብሎ ማንም ባልጠበቀው በኩል እንደሚመልሰው ዓይነት ነው። እዚህ ግን አምስቱም አዝማሪ ናቸው፤ ሰጪም ተቀባይም እነሱው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከበሮው ላይ ማነው? ይሄ ሰው ምት አይመታም። ይናገራል። አንዳንዴም የሚያሾፍ ይመስለኛል።


ሸክላ ሰብሳቢ፦

ፊል ሲመን። የሚያሾፍ መስሎህ አይደለም፤ ያሾፋል።

የበርተን አፖን ትሬንት ልጅ ነው። በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ከሱ በላይ ከበሮ የሚመታ አልነበረም ይላሉ ያዩት። የሚወራለት ታሪክ አለ። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለንደን መድረክ ላይ ሲታይ ኦርኬስትራው ውስጥ ነበር። አንድ ምሽት እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። አጠገቡ ያለው ሰው ጎሸም ሲያደርገው ደንግጦ ይነሳና ትልቁን ደወል ይደልቀዋል። አዳራሹ በሙሉ ወደሱ ዞረ። እሱም ቀጥ ብሎ ቆሞ «ክቡራትና ክቡራን፣ እራት ቀርቧል!» አለ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሆነ መገመት ነው።

የሮኩን ከበሮ መቺ ጂንጀር ቤከርን ያስተማረው እሱ ነው። የአፍሪካ ከበሮ ሸክላ ያሰማውም እሱ መሆኑን ቤከር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ቤከር በኋላ ሌጎስ ድረስ የሄደበት መንገድ የጀመረው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሲመን ራሱ ግን ሄሮይን በላው። በ1972 በ46 ዓመቱ ሞተ።

ሃሪዮትም ብዙ አልቆየም። ቡድኑ በ1965 ተበተነ፤ ኪን ጀርመን አገር ኦርኬስትራ ገባ። ከዚያ ሃሪዮት ከካልካታው ተወላጅ ከጆን ሜየር ጋር የህንድና የጃዝ ሙዚቃን ያጣመሩ አልበሞች ሠራ። እነሱ ጥሩ ሸጠዋል። በመጨረሻ ግን የራሱ ቡድን አልነበረውም። ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ በየደረሰበት የተገኘውን አጃቢ ይዞ ይጫወት ነበር። ካንሰር ያዘው። ጥር 2 ቀን 1973 በ44 ዓመቱ ሞተ።

የት መሰለህ የሞተው? መጀመሪያ ስትጽፍ ልነግርህ ነበር፤ በቀን ክርክር ተወሰድኩ። ሳውዝሃምፕተን። የተቀበረውም እዚያው ቢተርን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ።


የሌሊት ፈረቃ፦

ቢተርን??? የኔ መጋዘን አውቶቡስ በቢተርን በኩል ነው የሚያልፈው! አራት ዓመት በላዩ ሳልፍ!


ቡና በጨው፦

ወይ ጉድ። ባስ ተጫዋቹን ማለቴ አይደለም።


የሌሊት ፈረቃ፦

እሁድ ሄድኩ።

ከሌሊት ሥራ እንደወጣሁ ቤት ገብቼ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ የኢችንን ወንዝ ተሻገርኩ። ዝናብ ነበር፤ የዚህ አገር ዝናብ፣ ወይ አይዘንብ ወይ አያባራ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ከውጪ ሆኜ አማተብኩና ወደ መቃብሩ ዞርኩ። ወዲያው አላገኘሁትም። እየዞርኩ የሰው ሁሉ ስም አነበብኩ። ጫማዬ ውሃ ገባበት።

ስሙን ሳገኘው መጀመሪያ ያየሁት የተጻፈበትን ነው። በሕይወት እያለ ስለ ቻርሊ ፓርከር ሲያነሱበት የሚመልሰው ቃል ነው። ወደኛ ሳመጣው እንዲህ ዓይነት ነው፤ «ፓርከር? እዚህም ቢሆን አንዳንድ አሪፍ ካርታ የሚጥሉ አሉ።» ዝናብ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

ስልኬን አውጥቼ «ፎርሜሽን»ን ከፈትኩለት። በጆሮ ማዳመጫ አይደለም፤ በራሱ በስልኩ ድምፅ። ነውር ይሆን ብዬ ፈራሁና ቀነስኩት። ስልክ ባስ አያወጣም። ሳክሱና ትራምፔቱ ብቻ ቲንቲን ይላሉ፤ ጉድ የለም። ቆሜ ያልተሰማውን ባስ በአፌ አንጎራጎርኩ። የማስታውሰውን ያህል። በስህተትም ቢሆን። አንድ ሁለት ቦታ ጠፋብኝ፤ ሲመለሱ ግን እዚያው ጠበቅኋቸው።

ሌላም ዜና አለኝ። ከዚያው ሻጭ «አብስትራክት»ን እንደገና አዘዝኩ። አሁንስ ምን ይልክ ይሆን ብዬ ነበር። ልክ ላከ! ሆልደር አለ፣ ቦንጎው አለ። ገና አልከፈትኩትም፤ ነገ ሌሊት ነው።

ጋሼ፣ ይሄኛውንስ ከየት ልጀምረው? ከቦንጎው አይሻልም? ለሙላቱ ስል?


አራት ክር፦

ከባሱ።